በዋናው ቆጣሪና በውስጥ ቆጣሪ መካከል የሚጠፋው ኪሎዋት ሰዓት

ጌጃ ሰፈርን በመሳሰሉ የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች አንድ ዋና ቆጣሪ የግቢውን ነዋሪዎች ሁሉ ሲያገለግል ማየት የተለመደ ነው። ተከራዮች በየበራቸው የውስጥ ቆጣሪ ያስገጥማሉ። የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ግን የውስጥ ቆጣሪዎቹ ድምር ከዋናው ያንሳል፤ ልዩነቱም ለጭቅጭቅ፣ አልፎ አልፎም ለሌብነት ክስ ምክንያት ይሆናል። ስርቆት የለም ለማለት አይደለም። ሆኖም ጎረቤትን ከመጠርጠር በፊት በሁለቱ ቆጣሪዎች መካከል የተዘረጋውን ሽቦ መመርመር ይገባል።

ለምሳሌ ከዋናው ቆጣሪ 40 ሜትር ርቆ የሚገኝ፣ በ220 ቮልት 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ እንውሰድ። በኦም ሕግ የምጣዱ ሬዚስታንስ 13.8 ኦም ገደማ ነው። መስመሩ የተዘረጋው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ሽቦ ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ሽቦ በኪሎሜትር 12.1 ኦም ስላለው የመሄጃውና የመመለሻው 80 ሜትር 0.97 ኦም ይሆናል። ሽቦውና ምጣዱ በተከታታይ የተያያዙ ናቸውና ፍሰቱ 14.9 አምፔር ነው። በኪርሾፍ የቮልቴጅ ሕግ መሠረት ከ220ው ቮልት 14.4ቱ በሽቦው ላይ ቀርቶ ለምጣዱ 205.6 ብቻ ይደርሰዋል።

የልዩነቱ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። በሁለቱም ቆጣሪዎች የሚያልፈው ፍሰት አንድ ነው፤ ቮልቴጁ ግን አንድ አይደለም። ዋናው ቆጣሪ 3271 ዋት ሲመዘግብ በር ላይ ያለው 3057 ዋት ይመዘግባል። ቀሪው 214 ዋት ሽቦውን አሙቆ ያለቀ ነው። ማንም አልሰረቀውም፤ ሆኖም ይከፈልበታል። ምጣዱም ከተሰየመለት ኃይል 13 በመቶ ያህል ስለሚጎድለው ቶሎ አይግልም።

በዚሁ መስመር ጫፍ ሁለት ምጣዶች በአንድ ጊዜ ቢጣዱ ፍሰቱ ወደ 27.9 አምፔር፣ በሽቦው ላይ የሚባክነው ኃይልም ወደ 755 ዋት ያድጋል፤ ብክነቱ ከፍሰቱ ስኩዌር ጋር ያድጋልና። ይህ ፍሰት ለእንዲህ ያለ ቀጭን ሽቦ ከአቅም በላይ ስለሆነ ጉዳዩ ከሒሳብ አልፎ የእሳት አደጋ ይሆናል።

ይህን በመለኪያ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ምጣዱ ሳይሰካ ሶኬቱን በመልቲሜትር መለካት ምንም አይነግረንም። መልቲሜትሩ ራሱ የሚስበው ፍሰት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ሽቦው የቱንም ያህል ቢቀጥን ንባቡ ሙሉ 220 ይሆናል። ስንት ጊዜ «መብራቱ ሙሉ ነው» ተብሎ እንደሚታለፍ ልብ ይሏል! ምጣዱ እየሠራ በዋናው ቆጣሪ መውጫና በሶኬቱ ላይ ቮልቴጁን ለክቶ ልዩነቱን በፍሰቱ ማካፈል የመስመሩን ሬዚስታንስ ይሰጣል። ፍሰቱን በክላምፕ ሜትር የሚለካ ሰው መንጋጋውን በአንዱ ሽቦ ዙሪያ ብቻ ይዝጋ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ካቀፈ ሄያጁና ተመላሹ ተጣፍተው ንባቡ ዜሮ ይሆናል።

የተገኘው ውጤት ከ0.97 ኦም በእጅጉ ከበለጠ ጥፋቱ የላላ መጋጠሚያ ሊሆን ይችላል። 0.2 ኦም ያለው አንድ መጋጠሚያ በዚህ ጭነት 43 ዋት ሙቀት በአንዲት ነጥብ ላይ ያከማቻል። መጋጠሚያው ደህና ሆኖ ሽቦው ብቻ በ4 ካሬ ሚሊሜትር ቢተካ፣ ለአንድ ምጣድ የነበረው የ214 ዋት ብክነት ወደ 89 ዋት ይወርዳል።