እሳት የማያጠፋው የዓሣ መርዝ

ዓሣ ጥሩ ምግብ ነው። ሰውነትን ይገነባል፤ ልጆችን ያሳድጋል። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በአካባቢው የምንኖር ሰዎች ግን ያደግነው በቆጮና በጎመን፣ በወተትና በቅቤ ነው። ስለዚህ «የዓሣ መርዝ እኛን ምን አገባን?» የሚል ሰው አይጠፋም።

ነገሩ ግን ያገባናል። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ጊቤ ወደ ታች ኦሞ ይባላል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ ውሃውን ወደ ኋላ አስተኝቶ እኛው ጠረፍ ድረስ ትልቅ ሐይቅ ሠርቷል። መረብ የሚጥሉ ወገኖቻችን በዝተዋል። ልጆቻችንም ለሥራ ወደ ታችኛው ኦሞና ባሕር ወዳለበት ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳሉ። አባቶቻችን «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብለዋል። ስለዚህ የምናወጣውን እንወቅ።

በገበያችን የምናገኛቸው ቆሮሶና አምባዛ የራሳቸው መርዝ የላቸውም። ጉዳት የሚያመጡት ሲበላሹ ነው። ጉንጩ ውስጥ ያለው ስንጥቁ ቀይ፣ ዓይኑ የጠራ፣ ሥጋው ጠንካራ ከሆነ ዓሣው ትኩስ ነው። ከሸተተ አንገዛም።

ሌላ ዓይነት ዓሣ ግን አለ። ሲነኩት ውሃ ወይም አየር ውጦ እንደ ኳስ ይነፋል። «ነፊ ዓሣ» ብለን እንጥራው። ጥርሶቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ገጥመው እንደ ወፍ መንቁር ሆነዋል። አንዱ ዓይነት በታችኛው ኦሞና በቱርካና ሐይቅ ይኖራል፤ ጎኑ ላይ ቢጫ መስመሮች አሉት። ሌሎቹ በቀይ ባሕርና በደቡብ አፍሪካ ባሕር ዳርቻ ይገኛሉ።

የነፊ ዓሣ መርዝ በተለይ በጉበቱ፣ በእንቁላሉ፣ በአንጀቱና በቆዳው ውስጥ ነው። የወንዝ ውሃ ስናፈላ ጀርሙ ይሞታል። ይህ መርዝ ግን ጀርም አይደለም። ቢቀቀል፣ ቢጠበስ፣ ቢደርቅ፣ ጨውና በርበሬ ቢበዛበት አይጠፋም። ሽታም የለውም። ዓሣው ትኩስ መሆኑም አያድንም።

መርዙ የሚያጠቃው ነርቭን ነው። ነርቭ ከአንጎል ወደ ጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። መርዙ የመልእክተኛውን መንገድ ይዘጋል። ከበሉ በኋላ ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ከንፈርና ምላስ ይነዝራል፤ ይደነዝዛል። ከዚያ ማስመለስ፣ የእግርና የእጅ መዛል ይከተላል። ሰውየው ልቡ እያወቀ መናገር ያቅተዋል። በመጨረሻ ትንፋሽ የሚያስወጣው ጡንቻ ይቆማል።

ጀምስ ኩክ የተባለ እንግሊዛዊ መርከበኛ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1774 ዓ.ም. ኒው ካሌዶኒያ በተባለች ደሴት የማያውቀውን ዓሣ ጉበትና እንቁላል ቀመሰ። ሌሊት እጅና እግሩ ደነዘዙ። ውሃ የሞላ ዕቃና የወፍ ላባ በእጁ ክብደታቸው አንድ ሆነበት። እርሱ ጥቂት ስለቀመሰ ዳነ። የሆድ ዕቃውን የበላው አሳማ ግን ሞቶ አደረ።

ለዚህ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሐኪም ግን መርዙ ከሰውነት እስኪወጣ ድረስ በመሣሪያ ትንፋሽ ይሰጣል። የመጀመሪያውን ቀንና ሌሊት ያለፈ ሰው ብዙውን ጊዜ ይድናል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሥር እየበጠስን፣ ቅቤ እያጠጣን ጊዜ አናጥፋ። በሽተኛውን በጎኑ አስተኝተን ወዲያው ወደ ሆስፒታል እናድርሰው። ትንፋሹ ከቆመ በመንገድ ላይ አፍ ለአፍ እንተንፍስለት። የተረፈውንም ዓሣ ለሐኪሙ እናሳይ።

ከሁሉም የሚሻለው ግን አለመብላት ነው። የማናውቀው ዓሣ መረብ ውስጥ ቢገባ የአካባቢውን ዓሣ አጥማጅ እንጠይቅ። የሚነፋ ከሆነ ለውሻም ለድመትም አንስጥ፤ ጉድጓድ ቆፍረን እንቅበረው። ይህን ያነበበ ላላነበበው ይንገር። ራቅ ብሎ የሚሠራ ልጅ ያለውም ወላጅ ስልክ ሲደውል ያስጠንቅቀው።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ነፊ ዓሣን በምን እንለየዋለን?
2. ውሃ ማፍላት ጀርምን ሲገድል፣ መቀቀል ይህን መርዝ ለምን አያጠፋም?
3. ዓሣ በልቶ ከንፈሩ የደነዘዘ ጎረቤት ቢኖራችሁ ምን ታደርጋላችሁ?