የቀፎ ሳንቃ በማሽን ሲላግ የሚያጋጥሙ ችግሮች

በቁሓ ዙሪያ ለዘመናዊ ቀፎ የሚሆን ሳንቃ በመላጊያ ማሽን የሚያዘጋጅ ማኅበር የሳንቃውን ውፍረት እኩልነት በቅድሚያ መቆጣጠር አለበት። ንብ በፍሬሙና በቀፎው ግድግዳ መካከል ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትፈልጋለች። ከዚህ ከጠበበ በፕሮፖሊስ ትደፍነዋለች፤ ከሰፋ እንጀራ ትሠራበታለች። ያን ጊዜ ገበሬው ፍሬሙን ሳይሰብር ማር ማውጣት አይችልም።

የሳንቃው ጫፍ ከመሐሉ በልጦ ከተበላ፣ ሳንቃው በአንድ ሮለር ብቻ ሲያዝ ጅራቱ ይወድቃል ማለት ነው። ረዳት ሠራተኛ በመውጫው በኩል ከገበታው እኩል ደግፎ ይቀበል። ጉድለቱ ፈጽሞ ስለማይጠፋ በየጫፉ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ተርፎ ይላግና በኋላ ይቆረጥ። እንጨት ባከነ የሚል አባል አይጠፋም፤ የቀፎው መጣመም ግን የባሰ ኪሣራ ነው።

ፊቱ ከተቦጨቀ ሳንቃው ዞሮ ይግባ። የባሕር ዛፍ ጅማት ብዙ ጊዜ ስለሚጠላለፍ ማዞር ብቻ አይበቃም፤ በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ አይላግ፣ ምላጩም ይሳል።

በርዝመቱ ቀጥ ያለ ጉብታ ከታየ ምላጩ ተሸርፏል። ምክንያቱ ሚስማር ወይም አሸዋ ስለሆነ፣ መሬት ላይ የሰነበተ ሳንቃ አስቀድሞ በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ።

የተጣመመ ሳንቃን ማሽኑ አያቃናም፤ ሮለሩ ተጭኖ ያሳልፈዋል፣ ሲወጣ ተመልሶ ይጣመማል። ስለዚህ እርጥብ ባሕር ዛፍ በጥላ ሥር፣ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ ተደርድሮ ይድረቅ።

ምላጭ የሚነካው የኤሌክትሪኩ ገመድ ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው። ከ30 ሳንቲ ሜትር ያጠረ ቁራጭ ወደ ማሽኑ አይገባም፤ በእጅ መላጊያ ይሠራ።