እንግዳው በቀቀን

በአገራችን ልማድ እንግዳ ወደ ቤት ሲገባ አስቀድሞ እግሩ ይታጠባል፤ ቀጥሎም የሚበላውና የሚጠጣው ይቀርብለታል፤ መደብ ላይ ዐረፍ እስኪል ድረስም ከወዴት እንደ መጣና ምን ጉዳይ እንዳለው የሚጠይቀው የለም። ይህን ሥርዐት የማያውቅ የጎጃም ልጅ አይገኝም። ነገር ግን እንግዳው ክንፍ ያለው ፍጥረት የኾነ እንደ ኾነ ሥርዐቱን እንረሳዋለን። ገና የመንገዱ ድካም ሳይወጣለት ኹሉ ይከበዋል፤ አንዱ ያፏጭበታል፤ አንዱ ጣቱን በሽቦው መካከል ይሰድዳል፤ አንዱም «ተናገር እንጂ!» እያለ ይጮኽበታል። እኔም መምህራችኹ ይህን ስሕተት ሠርቼ አንዲት ነፍስ ላጠፋ ጥቂት ቀርቶኝ ነበርና የኾነውን ሳልሸሽግ እጽፍላችኋለኹ።

በቀቀን ጫፉ ወደ ታች የቈለመመ ጽኑ መንቍር ያለው ወፍ ነው። ከእግሩ ጣቶች ኹለቱ ወደ ፊት፣ ኹለቱ ወደ ኋላ የተሠሩ ስለ ኾኑ ቅርንጫፉን እንደ ሰው እጅ ጨብጦ ይይዛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 400 ዓመት ገደማ በፋርስ ንጉሥ ቤት ሐኪም የነበረው ክቴስያስ የሚባለው ግሪካዊ ስለ ህንድ አገር በጻፈው መጽሐፍ፣ ይህ ወፍ የህንድን ቋንቋ እንደ ሰው ይናገራል፤ ጽርእ ቢያስተምሩትም ጽርእ ይናገራል ብሎ ነበር። ብዙ ሰውም እስከ ዛሬ በቀቀን የሩቅ አገር ወፍ ብቻ ይመስለዋል።

ነገር ግን የኛ ደጋ የራሱ በቀቀኖች አሉት። ግንባሩ ብጫ የኾነው በቀቀን ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ አገር የለም። ሌላው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ የሚኖረው ትንሹ አረንጓዴ በቀቀን ነው፤ ቁመቱ ከስንዝር አያልፍም፤ የወንዱ ግንባር ቀይ ሲኾን የሴቲቱ ግን አረንጓዴ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1814 ዓ.ም. የአውሮፓ ሊቃውንት መጀመሪያ በመጽሐፍ ሲያወጡት፣ ከቀይ ባሕር ዳር ወደ ደጋው በሚያወጣው በታራንታ መተላለፊያ ስለ ተገኘ ያንኑ ስም ሰጡት። ይህ ወፍ የሾላና የጥድ ፍሬ ይለቅማል፤ ሌሊቱንም በዛፍ ሽንቍር ውስጥ ያድራል። ሽንቍር የሚገኘው በሽማግሌ ዛፍ ነውና፣ ያረጀ ዛፍ በተቈረጠ ቍጥር የርሱም ቤት አብሮ ይፈርሳል። በየደብሩ ዐጸድ የቆሙትን ትልልቅ ዛፎች የሚጠብቁ አባቶች ምናልባት ሳያስቡት የወፎችንም ቤት ይጠብቃሉ።

እንግዲህ በቀቀን ለማሳደር የሚወድ ሰው ወደ ዱር ወጥቶ ወጥመድ አይዘርጋ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቍጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማጥመድንም መያዝንም ይከለክላል። በሰው ቤት የተፈለፈለውንም ቢኾን ከመቀበላችኹ በፊት ዕድሜውን አስቡ። ትንሹ በቀቀን ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል፤ ትልቁ ግራጫ በቀቀን ግን አርባና አምሳ ዓመት ሊደርስ ይችላል። የስምንት ዓመት ልጅ ዛሬ የተቀበለው ወፍ፣ ልጁ ጐልምሶ ሚስት ሲያገባም ገና ምግቡን የሚጠብቅ ሊኾን ነው።

ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣው ከዚያ ከትንሹ ወገን፣ በሰው ቤት ከእንቍላል የተፈለፈለ፣ ዱርን ያላወቀ ወፍ ነበር። ባለቤቱ አዲስ አበባ የሚኖር ወዳጄ ነው፤ ወደ ውጭ አገር መሄዱ ስለ ተቈረጠ ወፉን ከፈቃዱ ወረቀት ጋራ ለእኔ ሰጠኝ። የሽቦ ቤቱን በነጠላ ሸፍኜ በአውቶቡስ ተሳፈርኹ። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያኽል ነው። በዐባይ በረሓ ሙቀቱ ሲያስጨንቀው አፉን ከፍቶ ያለከልክ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ደግሞ የማታው ብርድ ተቀበለን። በአንድ ቀን ቆላውንም ደጋውንም ያየ፣ የሚያውቀውንም ፊት ኹሉ ያጣ ፍጥረት በማግሥቱ ምን ያሻው ነበር? ጸጥታ ነበር። እኔ ግን ሲነጋ ከክፍሉ መካከል በጠረጴዛ ላይ አኖርኹት፤ አርባ ተማሪዎችም ከበቡት።

ከነርሱ መካከል አንደበተ ርቱዕ፣ ድምፁም ያማረ አንድ ልጅ ነበር። «የኔታ፣ ለፋሲካ እንኳን አደረሳችኹ እንዲል አስተምረዋለኹ» አለኝ። ልከለክለው ሲገባኝ ደስ አለኝ። ልጁ ኹለት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቱ ቆሞ ጮኸበት። ወፉም በሽቦው ማዕዘን ተለጥፎ፣ ላባውን ከሥጋው አጣብቆ፣ አንገቱን አስግጎ ከመመልከት በቀር ምንም አላለም። በሦስተኛው ቀን እንግዶች ሊያዩት መጡ። ወፉ አልቀርብም ቢለኝ በሰዎቹ ፊት ያፈርኹ መሰለኝና እጄን አግብቼ ከላይ ጨበጥኹት። ጮኸ፤ ጣቴን ነክሶ አደማው፤ በለቀቅኹትም ጊዜ ከወለሉ ወድቆ በጭንቅ ይተነፍስ ጀመር። ከዚያች ሰዓት አንሥቶ እስከ ማግሥቱ ማታ አንዲት ፍሬ አልቀመሰም።

ልጆች ሆይ፣ ትንሽ ወፍ እንደ በሬ ስብ ያከማቸ አይደለም። ሳይበላ አንድ ቀን ቢውል ያሰጋል፤ ኹለት ቀን ቢያልፈው ሊሞት ይችላል። ደግሞም ወፍ ሕመሙን የሚሸሽግ ፍጥረት ነው፤ በዱር ደካማ መስሎ የታየ ለጭልፊት ይዳረጋልና። ላባውን ነፍቶ ከወለል ቢቀመጥ፣ ሲተነፍስ ጅራቱ ከፍ ዝቅ ቢል፣ ኩሱ ቢቀንስ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም ሊወሰድ ይገባዋል። እኔም ወሰድኹት። ሐኪሙ መርምሮ ሕመም እንደሌለበት፣ የጐዳውም ድንጋጤ መኾኑን ነገረኝ። ያስደነገጠው ማን እንደ ኾነ አልጠየቀኝም፤ በጨርቅ የታሰረ ጣቴን ግን አይቷል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝና የልጅነቴ ነገር ትዝ አለኝ። ቅኔ ለመማር ደበሎ ለብሼ፣ ኮሮጆ አንግቼ ከአገሬ ወጥቼ ወደ አንድ ጉባኤ ቤት የገባኹ ጊዜ የሰፈሩ ውሻ የማያውቀኝ፣ አነጋገሬም የሚያሥቅ እንግዳ ነበርኹ። ሰባት ቀን ሙሉ አፌ አልተከፈተም። መምህሬም አልጠየቁኝም፤ «ተቀመጥና ስማ» ብቻ አሉኝ። አንድ የቈየ ተማሪ ከጎጆው ጥግ ሣር ጐዝጕዞ አስተኛኝ፤ እያለቀስኹ መኾኔን አውቆ ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰልኝ። ሌሎቹ ሲቀኙና ሲታረሙ እየሰማኹ ሰነበትኹ። በስምንተኛው ቀን ማንም ሳያዘኝ እጅ ነሥቼ ቀረብኹ። መምህሬ በመጀመሪያው ቀን «በል ተቀኝ» ብለው ይዘውኝ ቢኾን ኖሮ በሌሊት ወደ እናቴ ቤት እመለስ ነበር። ወፉ ግን የሚመለስበት ቤት አልነበረውም።

ሲነጋ የሽቦ ቤቱን ከክፍሉ አውጥቼ ወደ መኖሪያዬ ወሰድኹት። ኹለት ግድግዳ በሚገናኙበት ማዕዘን፣ በሰው ደረት ልክ ከፍ አድርጌ አኖርኹት፤ ጀርባው ሲሸፈን ከፊቱ ብቻ ይጠብቃልና ልቡ ያርፋል። ነፋስ እንዳይመታው፣ በሰማይ የሚያልፈውንም ጭልፊት እያየ እንዳይሸበር ከመስኮቱ ጥቂት አራቅኹት። ከማድ ቤት ግን እጅግ አራቅኹት። ወፍ ከሳንባው ሌላ በሰውነቱ ውስጥ የአየር ከረጢቶች አሉትና ክፉ አየር ከሰው ይልቅ ፈጥኖ ይጐዳዋል፤ የድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎች በቀድሞ ዘመን ትንሽ ወፍ ይዘው ወደ ጕድጓድ ይወርዱ የነበረው ስለዚህ ነው። የምድጃ ጢስ፣ ቡና ሲቈላ የሚነሣውም ጢስ፣ የዕጣንም ቢኾን ለርሱ መልካም አይደለም። በዘመናችን የመጣው ምግብ የማይጣበቅበት መጥበሻማ ከልክ በላይ ሲግል ሰው የማያስተውለው መርዘኛ አየር ያወጣል፤ ይኸውም ወፍን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይገድላል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያኽል ከፍ ያለች ናትና ሌሊቷ ይበርዳል። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ አንዱን ወገን ለአየር ክፍት ትቼ የቀረውን በጋቢ ሸፈንኹት። በቀቀን ከዐሥር እስከ ዐሥራ ኹለት ሰዓት ያልተቋረጠ ጨለማ ይሻል። በእግሩም ሥር ውፍረቱ አንድ ዐይነት ያልኾነ የወይራ ቅርንጫፍ አጋደምኹለት።

ስለ ምግቡ ለወዳጄ ደውዬ ምን ያበላው እንደ ነበር ጠየቅኹት፤ ይህን ጥያቄ ወፉን በተቀበልኹ ጊዜ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። ዳጉሳና ማሽላ፣ የተከተፈ ካሮትና ጎመን መኾኑን ነገረኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ከዚህ ሌላ አልሰጠኹትም፤ ቤቱ ተለውጦበት ምግቡም ቢለወጥ በሐዘን ላይ ሐዘን ነውና። የኛው ኑግ ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓና በአሜሪካ ለወፎች ምግብ ይሸጣል ቢባል የሚያምን ገበሬ ጥቂት ነው፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ነገር ግን ቅባቱ ብዙ ስለ ኾነ ለበቀቀን እንደ ማር በጥቂቱ እንጂ እንደ እንጀራ አይሰጥም። «ከማዕዳችን እናካፍለው» የምትሉ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ አቮካዶ መርዙ ነው፤ ቡና፣ ቸኮላታ፣ ጠላና አረቄ፣ ጨውም የበዛበት ወጥ ይጐዱታል። ከበቀቀን ወደ ሰው የሚተላለፍም የሳንባ ሕመም አለ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1929 እና በ1930 ዓ.ም. በብዙ አገር ሰዎችን ገድሏል። ስለዚህ የደረቀ ኩሱን በውኃ ሳታርሱ አትጥረጉ፤ እጃችኹንም ታጠቡ።

ይህ ከተሰናዳ በኋላ ሰው መረጥኹለት። በክፍሉ ውስጥ ሲናገር የሚንተባተብ አንድ ልጅ ነበር፤ ጓደኞቹም ይሥቁበት ነበርና በሰው ፊት ማንበብን እንደ ሞት ይፈራ ነበር። «ከትምህርት በኋላ ግማሽ ሰዓት ከወፉ አራት ክንድ ርቀኽ ተቀመጥ፤ መጽሐፍኽን በዝግታ አንብብ፤ ወፉን ግን አትመልከተው» አልኹት። «የኔታ፣ ካልተመለከትኹት ምን እጠብቃለኹ?» አለኝ። «ምንም አትጠብቅ» አልኹት። በዱር ኹለት ዐይኑን አፍጥጦ የሚመለከት የሚያድን አውሬ ነው፤ ከላይ የሚመጣም እጅ ለወፍ ጭልፊትን ይመስላል።

በመጀመሪያው ቀን ወፉ ከማዕዘኑ አልተነቃነቀም። ልጁ አንድ ገጽ ለማንበብ ሩብ ሰዓት ፈጀበት፤ የሚሥቅበት ግን አልነበረም። ያን ማታ ከሳሕኑ ሥር የማሽላ ገለባ አገኘኹ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ነበር፤ እንደ ወርቅ ቈጠርኹት። በአራተኛው ቀን ወፉ ላባውን አራግፎ በአንድ እግሩ ቆመ፤ ይህ በበቀቀን ዘንድ የልብ ዕረፍት ምልክት ነው። ከዚያ ወዲያ ልጁ ከመቀመጡ በፊት ጥቂት ኑግ በሳሕኑ ላይ ይጨምርለት ጀመር። በየጥቂት ቀኑም ወንበሩን በስንዝር አስጠጋነው፤ ወፉ ወደ ኋላ ያለ እንደ ኾነ ግን ወንበሩን እንመልሰዋለን። በዚህ ነገር ላይ እጅግ ጥብቅ ነበርኹ። በቀቀን ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ቀድሞ በላባውና በአንገቱ የተናገረው ስላልተሰማለት ነው። ቢነክስም መጮኽና መምታት አይገባም፤ ወይ ይደነግጣል፤ ወይም ጨዋታ መስሎት ይደግመዋል።

አንደበተ ርቱዑ ልጅ በዚህ ኹሉ ቀን አኵርፎ ሰነበተ። «የኔታ፣ እኔ ምን በደልኹ? መቼስ ይናገራል?» አለኝ። ይህ የደጋው ትንሽ በቀቀን የሰውን ቃል እምብዛም እንደማይለምድ ገለጽኹለት። በንግግር የታወቀው ግራጫው በቀቀን ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. አይሪን ፔፐርበርግ የምትባል አሜሪካዊት ሊቅ አንድ ግራጫ በቀቀን ገዝታ አሌክስ ብላ ሰየመችው፤ በ2007 ዓ.ም. እስከ ሞተ ድረስ ከአምሳ የሚበልጡ ዕቃዎችን በስማቸው መጥራት፣ ቀለም መለየት፣ እስከ ስድስትም መቍጠር አስተማረችው። ያስተማረችውም በመጮኽ አልነበረም። ኹለት ሰዎች በወፉ ፊት ተቀምጠው አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው በትክክል ሲመልስ ዕቃው ይሰጠዋል፤ ወፉ ይህን እያየና እየሰማ ይማራል። እኛም በጉባኤ ቤት ከቀደሙን ተማሪዎች የተማርነው እንዲሁ ነበር።

ልጁ ይህን ሰምቶ፣ «ታዲያ የኛው ካልተናገረ ምን ይጠቅማል?» አለኝ። ይህ የብዙ ዐዋቂዎችም ጥያቄ ነው። እኔ መልስ በመስጠት ፈንታ ጋቢውን ሰጠኹትና ማታ ማታ ወፉን የመሸፈን ሥራ የርሱ ይኹን አልኹት።

በኻያ ሦስተኛው ቀን የሽቦው በር ተከፍቶ ነበር። የሚንተባተበው ልጅ መዳፉን ዘርግቶ፣ ኑግ ይዞ፣ በሌላው እጁ መጽሐፉን ደግፎ ያነባል። ወፉ ወደ በሩ መጣ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ መጣ። ከዚያ አንድ እግሩን፣ ቀጥሎም ኹለተኛውን በልጁ አውራ ጣት ላይ አኖረና ኑጉን ይለቅም ጀመር። ልጁ ቃሉ ተያዘበት፤ ጥቂት ዐረፈ፤ ደግሞ ቀጠለና ዐይኑን ሳያነሣ እስከ አንቀጹ መጨረሻ አነበበ። ያ አንደበተ ርቱዕ ልጅ ጋቢውን በክንዱ እንደ ያዘ በደጃፉ ቆሞ ነበር፤ ወፉ ጠግቦ ወደ ወይራው ቅርንጫፍ እስኪመለስ ድረስ አልገባም። ኋላም በእግሩ ጣት እየረገጠ ገብቶ ሸፈነውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደኅና እደር» አለው። ከጋቢው ሥር ወፉ መንቍሩን ሲያፋጭ ተሰማ፤ በቀቀን ሊተኛ ሲል እንዲሁ ያደርጋል።