የወሲብ ንግድ ቢፈቀድ ለሴቶቹ ይበጃል?

ጥያቄ፦ ሴተኛ አዳሪነት በሕግ ቢፈቀድ ለሴቶቹ ይሻላቸዋል የሚሉ አሉ። እውነት ነው? በአገራችንስ ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ከእኛው ልጀምር። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ገላዋን የምትሸጥ ሴት በዚህ ብቻ አትቀጣም። የሚቀጣው በእሷ ገላ የሚነግደው ነው፤ አንቀጽ 634 በዚህ ተግባር የሚተዳደረውን ደላላና ለዚሁ ቤት የከፈተውን ይቀጣል።

ሌሎች አገሮች የተለያየ መንገድ ይዘዋል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2002 ሴቶቹ ክፍያቸውን በሕግ መጠየቅ፣ የጤና መድንና ጡረታም ማግኘት እንዲችሉ ብላ ሥራውን በሕግ አቀፈችው። ይሁንና ብዙዎቹ ያለ ሥራ ውል ቀሩ፤ በ2017 ደግሞ ምዝገባና ኮንዶም ግዴታ ሆኑ። ስዊድን ከ1999 ጀምሮ የምትቀጣው ገዢውን እንጂ ሻጯን አይደለም። ኒውዚላንድ በ2003 ቅጣቱን አንስታ ሴቶቹ የሠራተኛ መብት እንዲኖራቸው አደረገች።

ሴቲቱን መቅጣት የሚያስከትለውን ጉዳት ከቅርብ እንየው። ሌሊት መንገድ ዳር የቆመች ልጅ መኪና ውስጥ ከገባች በኋላ ሰውየው ገንዘቧን ቢከለክላት፣ ቢደበድባት ወይም ያለ ኮንዶም ቢያስገድዳትስ? እታሰራለሁ ብላ ከፈራች ፖሊስ ጣቢያ አትሄድም። ስለዚህ እሷን መቅጣት ደብዳቢዋን መጥቀም ነው። ፈቃድ መስጠትም ቢሆን ብቻውን ዕዳዋን አይከፍልላትም፤ ልጇንም አያሳድግላትም።

በእኔ እምነት ሴቲቱ አትቀጣ፤ አስገዳጁና በገላዋ የሚነግደው ይቀጡ። መውጣት ለምትሻው ደግሞ ሕክምና፣ የሕፃናት ማቆያና የሚያኖር ሥራ ይመቻችላት። እነዚህ ከሌሉ የትኛውም ሕግ ከወረቀት አያልፍም።