የአፍና የጉሮሮ ኤችፒቪ ምርመራ፦ ውጤቱ ምን ይናገራል?

በአሜሪካ አንዳንድ የጥርስ ክሊኒኮች ለታካሚዎቻቸው የሚያቀርቡት አንድ ምርመራ አለ። ታካሚው የተሰጠውን ፈሳሽ ለጥቂት ጊዜ ተጉመጥምጦ ወደ ብልቃጥ መልሶ ይተፋዋል፤ ናሙናውም ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤችፒቪ፣ ይገኝበት እንደሆነ በላቦራቶሪ ይመረመራል። ዘዴው ቀላል ቢሆንም ውጤቱ የሚናገረው ብዙዎች ከሚጠብቁት ያነሰ ነው።

ኤችፒቪ ከ200 በላይ ዓይነቶች አሉት። 6 እና 11 የተባሉት በአፍ ውስጥ ካንሰር ያልሆነ ትንሽ ኪንታሮት ሊያበቅሉ ይችላሉ። ዓይነት 16 ግን ከጉሮሮ ካንሰር ጋር በጥብቅ ይያያዛል። በአሜሪካ በምላስ ሥርና በቶንሲል አካባቢ ከሚከሰተው ካንሰር 70 በመቶ ያህሉ መነሻው ኤችፒቪ እንደሆነ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ይገምታል።

ታዲያ ለማኅፀን በር ካንሰር የተቻለው ቅድመ ምርመራ ለጉሮሮ ያልተቻለው ለምንድን ነው? ምክንያቱ የአካሉ አሠራር ነው። የማኅፀን በር በመሣሪያ ታግዞ በዓይን ስለሚታይ፣ መለወጥ የጀመሩ ሕዋሳት ካንሰር ከመሆናቸው በፊት ተገኝተው ይወገዳሉ። ቶንሲል ግን ጥልቅ ስንጥቆች ያሉት አካል ነው፤ የካንሰሩ ጅማሬ በእነዚያ ስንጥቆች ውስጥ ተሰውሮ ይቆያል።

በመሆኑም በአፍ ውስጥ ቫይረሱ መገኘቱ ካንሰር መኖሩን አያረጋግጥም፤ አብዛኛውን ኢንፌክሽን ሰውነት ራሱ ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ያስወግደዋልና። ቫይረሱ አልተገኘም መባሉም ጉሮሮው ጤነኛ ለመሆኑ ዋስትና አይሆንም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በአፍ ወይም በጉሮሮ ያለን ኤችፒቪ ለመለየት ያጸደቀው ምርመራ የለም።

ወሳኙ ምርመራ የሚደረገው ምልክት ሲታይ ነው። ሐኪሙ ከዕጢው ወይም ካበጠው የአንገት ንፍፊት ናሙና ይወስዳል፤ የፓቶሎጂ ባለሙያውም ካንሰር መሆኑን በማይክሮስኮፕ ካረጋገጠ በኋላ ፒ16 የተባለውን ፕሮቲን በልዩ ቀለም ይፈልጋል። ቫይረሱ የሕዋሱን የመራባት ልጓም ሲያሰናክል የፒ16 መጠን እጅግ ይጨምራል። ከቶንሲል ወይም ከምላስ ሥር በተወሰደ ናሙና ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት የዕጢው ሕዋሳት ጎልቶ የሚታይ ቀለም ከያዙ፣ ካንሰሩ ከኤችፒቪ የመነጨ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ ለታካሚው ትልቅ ትርጉም አለው፤ ከኤችፒቪ የሚመነጨው የጉሮሮ ካንሰር በትንባሆ ምክንያት ከሚመጣው ይልቅ ለሕክምና የተሻለ ምላሽ ይሰጣልና።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ምልክት ሕመም የሌለው የአንገት እብጠት ነው። ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ እብጠት፣ የማይለቅ የጉሮሮ ሕመም፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም በአንድ ወገን ያለ የጆሮ ሕመም የሚሰማው ሰው፣ የመጉመጥመጥ ምርመራው ውጤት ምንም ይሁን ምን፣ የአንገት በላይ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

መከላከያው ክትባት ነው። ኢትዮጵያ በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ14 ዓመት ልጃገረዶችን የማኅፀን በር ካንሰርን ለመከላከል መከተብ ጀምራለች። በአሜሪካ ክትባቱ ከ11 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ወንዶችም ሴቶችም ይመከራል። ክትባቱ የያዘን ኢንፌክሽን ስለማያድን፣ በውጭ የሚኖሩ ወላጆች ልጆቻቸው ለቫይረሱ ከመጋለጣቸው በፊት፣ ወንዶች ልጆቻቸውን ጨምሮ፣ በሚኖሩበት አገር የክትባቱ ተጠቃሚ መሆናቸውን የሕፃናት ሐኪማቸውን ቢጠይቁ ይበጃል።