ሜርኩሪ በቤተ ሙከራ፦ የሚታየው ጠብታና የማይታየው ትነት

መግቢያ

በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ፈሳሽ ሆኖ የሚገኝ ብቸኛው ብረት ሜርኩሪ ነው። በአማርኛ ባዜቃ የሚል ስያሜ ያለው ይህ ንጥረ ነገር አቶማዊ ቁጥሩ 80 ሲሆን፣ ወደ ጠጣርነት የሚለወጠው ከዜሮ በታች በ39 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ የሚፈላው ደግሞ በ357 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። እፍጋቱ የውሃን 13.5 እጥፍ ያህላል። በእነዚህ ጠባዮቹ ምክንያት ለፊዚክስ ትምህርት ዕድገት ከፍተኛ አስተዋጽኦ አድርጓል። ቶሪቼሊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የከባቢ አየርን ግፊት የለካው፣ ፋራናይት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አስተማማኝ ቴርሞሜትር የሠራው፣ ካመርሊንግ ኦነስ እ.ኤ.አ. በ1911 ሱፐርኮንዳክቲቪቲ የተባለውን ክስተት ያገኘው በሜርኩሪ አማካይነት ነው። በባሕር ጠለል ላይ 760 ሚሊ ሜትር የሚቆመው የሜርኩሪ ዓምድ አዲስ አበባ ላይ ወደ 570 እና 580 ሚሊ ሜትር መካከል ዝቅ ማለቱም የከፍታንና የግፊትን ዝምድና ለማስተማር የሚጠቀስ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሜርኩሪ መርዝ መሆኑን የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ብዙዎች በትክክል የማይረዱት መርዙ ወደ ሰውነት የሚገባበትን መንገድ ነው። ሰው የሚፈራው ጠረጴዛ ላይ የምትንከባለለውን ብርማ ጠብታ ነው፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠብታዋ ከዓይን ከተሰወረችና ሁሉም ከረሳት በኋላ ነው። ሜርኩሪ እንደየመልኩ በተለያየ በር ወደ ሰውነት ይገባል፤ ብረቱ በሳንባ፣ ጨዎቹ በአፍ፣ ኦርጋኒክ ውህዶቹ ደግሞ በቆዳ ጭምር። የጥንቃቄ ደንቦች ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚመነጩ ስለሆኑ ቀጥለን በየተራ እንመለከታቸዋለን።

የመጀመሪያው በር፦ ሳንባ

የሜርኩሪ የትነት ግፊት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 0.17 ፓስካል ያህል ነው። ይህ ቁጥር ከከባቢ አየር ግፊት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ በመሆኑ፣ «ሜርኩሪ በክፍል ሙቀት አይተንም ማለት ይቻላል» የሚል የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ሊያደርስ ይችላል። የሃሳባዊ ጋዝን ሕግ በመጠቀም እውነቱን ማስላት እንችላለን። 0.17 ፓስካልን ለጋዝ ቋሚ (8.31) እና ለኬልቪን ሙቀት (293) ብዜት ስናካፍል፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 0.00007 ሞል ያህል የሜርኩሪ ትነት ሊኖር እንደሚችል እናገኛለን። የአንድ ሞል ክብደት 200.6 ግራም ስለሆነ፣ በሜርኩሪ ትነት የጠገበ አየር በአንድ ሜትር ኩብ 14 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል። የአሜሪካ የመንግሥት የኢንዱስትሪ ጤና ባለሙያዎች ጉባኤ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ ግን በሜትር ኩብ 0.025 ሚሊ ግራም ነው። የጠገበው አየር ከዚህ ጣሪያ ከ500 እጥፍ በላይ ሜርኩሪ ይይዛል ማለት ነው።

አሁን ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 6፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ አንድ ቤተ ሙከራ እናስብ። ይዘቱ 144 ሜትር ኩብ ነው። የክፍሉን አየር ከላይ ወደ ተጠቀሰው ጣሪያ ለማድረስ 144 በ0.025 ተባዝቶ 3.6 ሚሊ ግራም ሜርኩሪ ይበቃል። ዲያሜትሯ 1 ሚሊ ሜትር የሆነች፣ ማለትም የጤፍ ቅንጣት የምታህል ጠብታ 7 ሚሊ ግራም ያህል ትመዝናለች። መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይህች ጠብታ ሙሉ በሙሉ ብትተን የክፍሉን አየር ከጣሪያው ወደ ሁለት እጥፍ ታደርሰዋለች። በአንድ የቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ግን በግራም የሚቆጠር ነው። ትነቱ አዝጋሚ መሆኑም የሚያጽናና አይደለም፤ በወለል ስንጥቅ ውስጥ የተደበቀ ሜርኩሪ ለወራትና ለዓመታት የክፍሉን አየር ሲበክል ይኖራል ማለት ነውና።

እዚህ ላይ ሁለት ነጥቦች መታከል አለባቸው። አንደኛው የገጽ ስፋት ነው። 1 ግራም ሜርኩሪ አንድ ጠብታ ሆኖ ሲቀመጥ ለአየር የሚያጋልጠው ገጽ 0.85 ሴንቲ ሜትር ካሬ ያህል ነው። ይኸው 1 ግራም ዲያሜትራቸው 0.1 ሚሊ ሜትር ወደሆኑ ጠብታዎች ቢበታተን ቁጥራቸው ወደ 140,000 ይደርሳል፤ የገጽ ስፋታቸውም ወደ 44 ሴንቲ ሜትር ካሬ፣ ማለትም ከ50 እጥፍ በላይ ያድጋል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። በክፍል ሙቀት አካባቢ የትነት ግፊቱ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት በእጥፍ ያድጋል። በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ደግሞ ከ20 ዲግሪው ከ200 እጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ በማሞቂያ ምድጃ ውስጥ የተሰበረ ቴርሞሜትር ጠረጴዛ ላይ ከተሰበረው ጋር ፈጽሞ አይወዳደርም።

ትነቱ ሽታም ቀለምም የለውም። ወደ ሳንባ ከገባው ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ወደ ደም ይዘልቃል። የሜርኩሪ አቶም የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው የሕዋስ ሽፋኖችን፣ የአንጎልን መከላከያ ጭምር፣ በቀላሉ ያልፋል። ካለፈ በኋላ ካታሌዝ በተባለው ኢንዛይም አማካይነት ወደ አዮን ይለወጣል፤ አዮኑም በፕሮቲኖች ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ተጣብቆ በገባበት ይቀራል። ውጤቱ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የእንቅልፍ እጦት፣ የስሜት መለዋወጥ፣ የማስታወስ ድክመት፣ የድድ ቁስለትና የኩላሊት ጉዳት ነው። በአንጻሩ ሰው የብረቱን ጠብታ ቢውጥ ወደ ደም የሚገባው ከ0.01 በመቶ በታች ነው። ከመዋጥ ይልቅ መተንፈስ የሚያስፈራው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ስቶክ ነው። ስቶክ የቦሮንና የሲሊከን ሃይድራይዶችን ለማጥናት በሜርኩሪ የሚሠሩ የቫኪዩም መሣሪያዎችን ለብዙ ዓመታት ተጠቅሟል። በእነዚያ ዓመታት ራስ ምታት፣ ድካምና የማስታወስ ችግር ያሠቃየው ሲሆን፣ መንስኤው የቤተ ሙከራው አየር መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 የሜርኩሪ ትነትን አደገኛነት የሚገልጽ ጽሑፍ አሳትሞ የሙያ ባልደረቦቹን አስጠነቀቀ። ጥቃቅን የሜርኩሪ መጠኖችን ለመለካት የሚያስችሉ ዘዴዎችንም አዳበረ። ኬሚስትነቱ ከመመረዝ አላዳነውም፤ የማይታይን ነገር በዓይን መጠበቅ አይቻልምና።

ሁለተኛው በር፦ አፍ

የሜርኩሪ ጨዎች በአመዛኙ ነጭ ወይም ቀለም ያላቸው ዱቄቶች ሲሆኑ በክፍል ሙቀት እንደ ብረቱ በቀላሉ አይተኑም። ዋናው አደጋቸው በእጅ፣ በምግብና በአቧራ አማካይነት ወደ አፍ መግባታቸው ነው። በተለይ በውሃ የሚሟሟው ሜርኩሪ ሁለት ክሎራይድ የአንጀትን ግድግዳ ያቃጥላል፤ ኩላሊትንም ከሥራ ውጪ ያደርጋል። ከ1 እስከ 4 ግራም የሚሆነው መጠን አንድን አዋቂ ሰው ሊገድል ይችላል።

እነዚህ ጨዎች በብዙ ቤተ ሙከራዎች መደርደሪያ ላይ ሌላ ስም ይዘው ተቀምጠዋል። አሞኒያን ለመለየት የሚያገለግለው የኔስለር ሪኤጀንት፣ በመድኃኒትነት የሚታወቁ ዕፀዋትን የሚያጠኑ ተማሪዎች አልካሎይድን የሚፈትሹበት የማየር ሪኤጀንት፣ ፕሮቲንን ለመለየት ያገለግል የነበረው የሚሎን ሪኤጀንት ሁሉም ሜርኩሪ አለባቸው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የሰው ስም ብቻ ከሆነ ተማሪው በእጁ የያዘውን ላያውቅ ይችላል። ስለሆነም በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ «ሜርኩሪ አለበት፤ መርዝ» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ ተገቢ ነው። ፒፔትን በአፍ መሳብ፣ በቤተ ሙከራ ውስጥ መብላትና መጠጣት ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት። ከሥራ በኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

ሜርኩሪ ኦክሳይድን አሙቆ ኦክሲጅን ማውጣት ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1774 ያካሄደው ታሪካዊ ሙከራ ነው። ይሁንና ከኦክሲጅኑ ጋር የሚወጣው ትኩስ የሜርኩሪ ትነት ስለሆነ ሙከራው በክፍል ውስጥ ሊደገም አይገባም። ሜርኩሪና ውህዶቹ ከአሞኒያና ከአሲቲሊን ጋር ፈንጂ ውህዶችን ሊፈጥሩ እንደሚችሉ፣ ሜርኩሪ አሉሚኒየምን በፍጥነት እንደሚበላ፣ ከወርቅ ጌጥም ጋር እንደሚዋሃድ መታወስ አለበት።

ሦስተኛው በር፦ ቆዳ

ከሁሉም የከፉት ሜርኩሪ ከካርቦን ጋር የተጣመረባቸው ኦርጋኒክ ውህዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 1996 በአሜሪካው ዳርትመዝ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት ካረን ዌተርሃን ዳይሜቲል ሜርኩሪ የተባለውን ፈሳሽ በአየር መሳቢያ ሳጥን ውስጥ ሲያዘዋውሩ ጥቂት ጠብታዎች በጓንታቸው ላይ ወደቁ። ጓንቱ ላቴክስ ነበር፤ በዘመኑ ተቀባይነት የነበረውን ደንብም ተከትለው ነበር የሚሠሩት። ሚዛን የመሳትና የመናገር ችግር የታየባቸው ከወራት በኋላ ሲሆን፣ መመረዛቸው የተረጋገጠው በጥር 1997 ነው። በሰኔ 8 ቀን 1997 በ48 ዓመታቸው አረፉ። በኋላ በተደረገ ፍተሻ ፈሳሹ ያንን ዓይነት ጓንት በ15 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደሚያልፍ ታወቀ።

ከዚህ የምንማረው ጓንት ሁሉ አንድ አለመሆኑን ነው። ለብረቱና ለጨዎቹ የናይትራይል ጓንት በአብዛኛው ይበቃል። ዳይሜቲል ሜርኩሪ ግን ለዚሁ ተፈትሾ ከተሠራ ባለ ብዙ ንጣፍ ጓንት ጋር ካልሆነ በቀር ሊነካ አይገባውም፤ በትምህርት ቤትም ሆነ በመጀመሪያ ዲግሪ ቤተ ሙከራ ውስጥም ቦታ የለውም።

በእጅ መታጠቢያ ገንዳ የተደፋ ሜርኩሪ ከዚህ በር ጋር ይዛመዳል። በውሃ አካላት ደለል ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሜርኩሪን ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል። ይህም ከትንሹ ዓሣ ወደ ትልቁ እየተከማቸ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1956 በጃፓን ሚናማታ ከተማ ይፋ የሆነው የጅምላ መመረዝ መንስኤ ከፋብሪካ ወደ ባሕር የተለቀቀ ሜቲል ሜርኩሪ ነበር።

ሜርኩሪ ሲፈስ ምን ይደረግ?

1. ኃላፊውን መምህር ወይም ቴክኒሺያን ወዲያውኑ መጥራት፤ ሌሎች ተማሪዎች የፈሰሰውን ሳይረግጡ እንዲወጡ ማድረግ።
2. ማሞቂያዎችን ማጥፋት፣ ወደ ውጭ የሚከፈቱ መስኮቶችን መክፈት፣ ወደ ሌሎች ክፍሎች የሚወስደውን በር መዝጋት።
3. ቀለበትና ሰዓት አውልቆ ጓንት ማድረግ።
4. ጠብታዎቹን በጠንካራ ወረቀት እየገፉ ከዳር ወደ መሃል መሰብሰብ፤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ መምጠጥ፤ ጥቃቅኖቹን በፕላስተር እየለጠፉ ማንሳት። የእጅ ባትሪን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጎ ማብራት የተደበቁ ጠብታዎች እንዲያብረቀርቁ ያደርጋል።
5. የተሰበሰበውን ክዳኑ በሚጠብቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ አልብሶ ማስቀመጥና ምን እንደሆነ መጻፍ።
6. በስንጥቆች ላይ የድኝ ዱቄት መነስነስ። ድኙ ከሜርኩሪው ጋር የሚዋሃደው በዝግታና በገጹ ላይ ስለሆነ ለቀማውን አይተካም።

በመጥረጊያ መጥረግ ጠብታውን ይበታትናል፤ ከላይ ያሰላነውን የገጽ ስፋት ማብዛት ማለት ነው። ቫኪዩም ክሊነር ደግሞ ሜርኩሪውን አሙቆ ትነቱን ወደ ክፍሉ ይረጨዋል። ሁለቱም ክልክል ናቸው። ትነት የተነፈሰ ሰው ወደ ንጹሕ አየር ይወሰድ፤ ጨው የዋጠ ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

ምትክ መፈለግ

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ሜርኩሪን አለመጠቀም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀውና ከነሐሴ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የሜርኩሪ ቴርሞሜትሮች፣ ባሮሜትሮችና የደም ግፊት መለኪያዎች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱ፣ ወደ አገር እንዳይገቡና ወደ ውጭ እንዳይላኩ ደንግጓል። ለአብዛኛው የትምህርት ሥራ የአልኮል ወይም የዲጂታል ቴርሞሜትር ይበቃል። ፕሮቲንን በባዩሬት፣ አልካሎይድን በድራገንዶርፍ ሪኤጀንት መፈተሽ ይቻላል። ኦክሲጅንም ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይገኛል።

ማጠቃለያ

አዲስ ባይገዛም አሮጌው አለ። በየመጋዘኑ ያሉትን የሜርኩሪ ዕቃዎችና ኬሚካሎች መመዝገብ፣ ክዳናቸውን ማጥበቅና አስተማማኝ የማስወገጃ መንገድ እስኪገኝ ድረስ ቆልፎ ማስቀመጥ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጠናቀቅ የሚችል ሥራ ነው። ጠብታ ፈሶበት «ተጠርጓል» ተብሎ የታለፈ ክፍል ካለም በእጅ ባትሪ ዳግመኛ ሊፈተሽ ይገባል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ በየዓመቱ አዳዲስ ተማሪዎች ይተነፍሳሉና።

ለመልመጃ

ሀ) የእናንተን ቤተ ሙከራ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ለክታችሁ አየሩን ወደ 0.025 ሚሊ ግራም በሜትር ኩብ የሚያደርሰውን የሜርኩሪ መጠን አስሉ።

ለ) የጠብታ ዲያሜትር ከ1 ወደ 2 ሚሊ ሜትር ቢያድግ ክብደቷ በስንት እጥፍ ይጨምራል? የገጽ ስፋቷስ?