በቅናሽ ብድር የሚሠሩ ሕንፃዎችና የዕዳ ጫና፦ የቶንጋ ተሞክሮ

መግቢያ

በዝቅተኛ ወለድ የሚገኝ የውጭ ብድር በታዳጊ አገሮች ዘንድ እንደ ርካሽ ገንዘብ ይቆጠራል። ወለዱ 2 በመቶ ብቻ በሆነ ብድር የመንግሥት ሕንፃ ወይም የገበያ ማዕከል መሥራት አገርን ለዕዳ ጫና ይዳርጋል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ይህ አጭር ጽሑፍ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ያላትን የፓስፊክ ደሴታዊት አገር ቶንጋን አብነት አድርጎ፣ የወለድ ማነስ ብቻውን ለመክፈል አቅም ዋስትና እንደማይሆን ለማሳየት ይሞክራል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የብድሩ አመጣጥ

በኅዳር 2006 በመዲናይቱ ኑኩአሎፋ በተነሣ ሁከት የከተማዋ የንግድ ማዕከል አብዛኛው ክፍል ተቃጠለ። መንግሥት ለመልሶ ግንባታ በ2007 ከቻይና ኤግዚም ባንክ 440 ሚሊዮን ዩዋን ተበደረ። ከገንዘቡ ከፊሉ ንብረታቸው ለወደመባቸው ድርጅቶች በመንግሥት በኩል በብድር ተላለፈ፤ ከፊሉም ለመንግሥት ግንባታዎች ዋለ። በ2010 ለመንገድ ሥራ ሌላ ብድር ታከለበት። በዚህም ከአገሪቱ የውጭ ዕዳ ከግማሽ የሚበልጠው በአንድ አበዳሪ እጅ ገባ።

የቅናሹ ልክ

የዓለም የገንዘብ ድርጅት አንድን ብድር የቅናሽ ብድር የሚለው፣ የልገሳ ድርሻው ቢያንስ 35 በመቶ ሲሆን ነው። የልገሳ ድርሻ ማለት በብድሩ መጠንና ወደፊት በሚከፈለው ገንዘብ የዛሬ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ለምሳሌ በ2 በመቶ ወለድ፣ ከ5 ዓመት የእፎይታ ጊዜ ጋር በ20 ዓመት የሚመለስ 100 ብር እንውሰድ። ከእፎይታው በኋላ ዋናው ገንዘብ በእኩል ዓመታዊ ክፍያ ቢመለስና ስሌቱ በ5 በመቶ የዋጋ መቀነሻ ቢሠራ፣ የክፍያዎቹ የዛሬ ዋጋ 72.5 ብር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የልገሳ ድርሻው 27.5 በመቶ ነው፤ ከመመዘኛው በታች ማለት ነው። ወለዱ ዝቅተኛ ቢሆንም የመክፈያው ጊዜ ማጠር ቅናሹን ይበላዋል።

ሸክሙ የሚከብድባቸው ምክንያቶች

የመጀመሪያው ምክንያት ገቢ ነው። ቶንጋ በውጭ ከሚኖሩ ተወላጆቿ ከፍተኛ የሐዋላ ገንዘብ ታገኛለች። ይህ ገንዘብ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ያስገኝ እንጂ የሚደርሰው ለቤተሰብ እንጂ ለመንግሥት ግምጃ ቤት አይደለም። ዕዳው የሚከፈለው ግን ከግብር ነው። ሕንፃውም በራሱ ገቢ ካላመጣ፣ ጥገናው ተጨማሪ ወጪ ይሆናል።

ሁለተኛው የምንዛሪ ለውጥ ነው። በ2007 መጨረሻ አንድ ዶላር 7.4 ዩዋን ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በ2014 መጀመሪያ ወደ 6.1 ዩዋን ወረደ። ስለዚህ በዩዋን የተመዘገበው ዕዳ አንድ ሳንቲም ሳይጨመርበት በዶላር ሲተመን ከአንድ አምስተኛ በላይ ከበደ።

ሦስተኛው ያልታሰበ አደጋ ነው። በጥር 2022 የደረሰው የእሳተ ገሞራ ፍንዳታና ሱናሚ ያስከተለውን ጉዳት የዓለም ባንክ በ90.4 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል፤ ይህም ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 18.5 በመቶ ነው። የብድር ውል ግን የተፈጥሮ አደጋን አይጠብቅም።

በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትር አኪሊሲ ፖሂቫ የፓስፊክ አገሮች በኅብረት የዕዳ ስረዛ እንዲጠይቁ ሐሳብ አቅርበው ወዲያው ተዉት። በዚያው ዓመት ቶንጋ የቤልት ኤንድ ሮድ ስምምነትን ስትፈርም የክፍያ ጊዜው ተራዘመላት። ነገር ግን ማራዘም ስረዛ አይደለም።

ማጠቃለያ

በአዲስ አበባ የሚገኘውና በ2012 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት በቻይና ልገሳ የተሠራ ነው። በልገሳ የቆመ ሕንፃና በብድር የቆመ ሕንፃ ለመንገደኛ ዓይን አይለያዩም፤ የሚለያዩት በውላቸው ነው። እንግዲህ ተበዳሪ መንግሥት ከመፈረሙ በፊት ከወለዱ ባሻገር ሦስት ጥያቄዎችን ሊመልስ ይገባል፦ ክፍያው ከየትኛው ገቢ ይወጣል? የምንዛሪ ለውጥን ማን ይሸከማል? አደጋ ቢደርስ ክፍያው የሚቆምበት አንቀጽ አለ ወይ? እነዚህ ሳይመለሱ የተጣለ የመሠረት ድንጋይ፣ ገና ላልተወለደ ግብር ከፋይ የተጻፈ የዕዳ ሰነድ ሊሆን ይችላል።